ግሮሩድ ምድር ቤት ውስጥ የተካፈልነው በሬ

ሱቄን የተረከበው ሰው መጀመሪያ ያደረገው ነገር መደርደሪያዎቼን ነቅሎ መጣል ነበር። ቀጥሎ “ጡረታ እንዴት ይዞሃል?” ብሎ ጠየቀኝ። ጡረታ እኮ አይይዝም፤ የያዝከውን ነው የሚያስለቅቅህ። ሲሸጥ የኖረ ሰው የሚሸጠው ሲያጣ ያለፈውን ያገላብጣል፤ እኔም የያዘኝ ይኸው ነው። ስለ ገቢና ስለ ግብር አላወራም። ግብሩ የመንግሥትና የእኔ ጉዳይ ነበር፤ ሁለታችንም ተሰለቻችተናል። የማወራው ስለ ሥራው ነው፣ ከሥራውም ይልቅ ስለ አንድ ሥጋ ቆራጭ።

ንግድ የጀመርኩት መርካቶ፣ ቅቤ ተራ ነው። የትምህርት ቤት አጥርን ከውስጥ ይልቅ ከውጭ ነው የማውቀው። ያሠለጠኑኝ ጋሽ ደግፌ የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ነጋዴ ነበሩ። ቅቤ ሲገዙ ከላይ አሽትተው አያውቁም። ከኮታቸው ኪስ ቀጭን እንጨት ያወጡና እስከ ቅሉ መቀመጫ ሰክተው፣ አንዴ አዙረው፣ ቀስ ብለው ይስቡታል። ከዚያ የእንጨቱን ጫፍ ብቻ ያሸታሉ። “ላዩንማ ማንም ያሳምረዋል” ይሉኝ ነበር። ድንች የተደባለቀበት፣ ሙዝ የገባበት፣ የከረመው ከአዲሱ ሥር የተደበቀበት ቅቤ ሁሉ እዚያች ጫፍ ላይ ይያዛል።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። ተራው ውስጥ “የእገሌ ቅቤ ባዕድ ነገር አለበት” የሚል ወሬ ሲነሣ ጋሽ ደግፌ አያስተባብሉም፣ አያራግቡም። ተነሥተው ወደተወራበት ሰው መደብ ይሄዳሉ፣ በእንጨታቸው ከሥር ያወጣሉ፣ ያሸታሉ። ንጹሕ ከሆነ ሰው ሁሉ እያያቸው በጣታቸው ቆንጥረው ይበላሉ። ቃል አይተነፍሱም። አፋቸውን ጠርገው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በነጋታው ወሬው የለም። ይህ ዘዴ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዕቃ ላይ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

ኖርዌይ መጥቼ ኦስሎ ስገባ የመጀመሪያ አለቃዬ አትክልትና ፍራፍሬ የሚነግድ ፓኪስታናዊ ነበር። ቲማቲም መደርደር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የተመታውን ጎን ወደ ግድግዳ ማዞሩንም እንዲሁ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ብርቱካን አንሥታ፣ አይታ፣ መልሳ አስቀምጣ ወጣች። እኔ ምንም አልመሰለኝም። እሱ ግን በጣም ተበሳጨ። “የዚህ አገር ሰው ሲከፋው አይነግርህም። ያስቀምጥና ይወጣል። ከወጣ አይመለስም” አለኝ። የእኛ ሰው እንደዚያ አይደለም ብዬ በልቤ ሳቅሁ። የእኛ ሰው ተሳድቦ፣ ዕቃውን ወርውሮ፣ በነጋታው “የትናንቱን ቀንስልኝ” እያለ ይመጣል። የሚሳደብ ደንበኛ አስፈርቶኝ አያውቅም።

ጥቂት ከሠራሁ በኋላ ግሮሩድ በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው እልፍ ብሎ፣ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ኮረሪማ እሸጣለሁ። ከአጎራባቾቹ ሰፈሮች፣ ከአመሩድም ከሊንደበርግም፣ የእኛ ሰዎች ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ በየሆስፒታሉና በየአረጋውያን ቤቱ የሚሠሩ ናቸው። በዓል ሲደርስ ግን የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር፦ “ቅርጫ አይኖርም ወይ?”

እዚህ አገር በሬ ደጃፍህ ላይ አታርድም። ከገበሬ ገዛሁ፤ ቄራው አርዶ በትልልቁ ገነጣጥሎ በመኪና አመጣልኝ። ከሱቄ ሥር ምድር ቤት ነበረኝ፤ በዚህ አገር ቋንቋ ሼለር ይሉታል። ሥጋውን እዚያ ሰቀልን። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ እናት ደረጃው ላይ ቆመው “የማን ሥጋ ነው፣ የክርስቲያን ነው?” አሉኝ። “ገበሬው ሉተራን ነው፤ በሬውን ግን አልጠየቅሁትም” አልኳቸው። ገዙ።

ቆራጩ ባይሳ ነበር። ከነቀምቴ ነው የመጣው፤ ብቻውን አመሩድ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ይኖራል፤ በሥራ ቀን የአረጋውያን ቤት ወለል ያጸዳል። በአዘቦት ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ “ባይሳ፣ ምን ይመስልሃል?” ብሎ የጠየቀው ሰው አላስታውስም። በቅርጫ ቀን ግን ያ ሁሉ አባወራ ዓይኑን እጁ ላይ ተክሎ ይውላል። ከንግግሩ ይልቅ በቢላው ነበር ሰው መሀል የሚገባው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ወለሉ ላይ ንጹሕ ላስቲክ እናነጥፋለን። ባይሳ ከታላቁም ከታናሹም፣ ከጎድኑም ከሽንጡም፣ ከጉበቱም ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እየቆረጠ ያስቀምጣል። ሚዛን አይነካም። እኔ ነጋዴ ነኝና አላስችል ብሎኝ አንዴ የሱቄን ሚዛን ይዤ ወረድኩ።

“ምን ልታደርግ ነው?” አለኝ።

“ልረዳህ ነዋ።”

“መልሰው። ሚዛን አጥንትና ሥጋ አይለይም። ይሄኛው መደብ አጥንት በዝቶበታል፤ ስለዚህ ከሽንጡ ጥሩዋን ጨመርኩለት። ያኛው ጉበት አነሰው፤ በጎድን ካስኩት። ይሄን ሚዛንህ ያውቃል?”

አያውቅም። ይዤው ወጣሁ።

መደቡ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው የያዘውን ዕቃ ሳህን ውስጥ ይጥላል፤ ቁልፍ፣ ቀለበት፣ አዝራር፣ የእስክሪብቶ ክዳን። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና ዕቃዎቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕቃህ ያረፈበት መደብ የአንተ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጩኸቱ፣ ተረቡ፣ “እኔ ላይ ሁልጊዜ ሸሆናው ነው የሚያርፈው” የሚለው አቤቱታ ሌላ ነው። ከላይ የሚኖሩት ኖርዌጂያን አንዴ ፖሊስ ሊጠሩብን ምንም አልቀራቸውም። ሰው ሥጋውን ከያዘ በኋላ እንኳ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር።

በሽታው የመጣብን በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ዓለም ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር፤ እኛ ግን የሌላ ሰው በሽታ አድርገነው ነበር። ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ ነው ወደ እኛ ያመጣው። የእገሌ ወንድም፣ የእገሊት ባል፣ “ከስቶ ሞተ” ይባላል። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ “ያ ነገር” ነበር የሚባለው። ኮሙኑ፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ በየፖስታ ሣጥናችን ወረቀት ጨመረ። ወረቀቱ በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ይናገራል፤ ሰው ግን የማይተላለፍባቸውን ነገሮች ዝርዝር ሲያነብ ይበልጥ ደነገጠ። “ካልተጠረጠረ ብርጭቆን ምን አስጠራው?” ይል ነበር።

ሱቄ የክርክር አደባባይ ሆነ። አንዱ በወባ ትንኝ ነው ይላል፤ ኖርዌይ ውስጥ ወባ ፈልግ። አንዱ የኃጢአት ቅጣት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ወረቀቱ ሰበብ ነው፣ ጥቁር ሁሉ ደሙ ተመርምሮ ወደ አገሩ ሊባረር ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በጌታ እራት ጽዋ ላይ ተጣሉ። አንድ ጽዋ መዞሩ ይቅር፣ ለየሰው ትንንሽ ኩባያ ይሁን የሚሉና፣ በጌታ ማዕድ ላይ ጥርጣሬ አይገባም የሚሉ። ትንንሹ ኩባያ አሸነፈ። ትንንሹን ኩባያ የተቃወሙት ሰዎችም ኩባያው ሲመጣ ቀድመው ነበር ያነሡት።

እህት ሰናይት የምትባል ነርስ ነበረችን። በዚያ በሽታ የታመሙትን በሥራዋ ታያለች። አንድ ቅዳሜ ከሱቄ በርበሬ እየገዛች “ሥጋ በመቁረጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። እኔ በየቀኑ እነካቸዋለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ” አለች።

አቶ ክፍሌ አጠገቧ ቆመው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ። “እህት ሰናይት፣ የተማርሽበት መጽሐፍ ትናንት የተጻፈ ነው። ነገ ‘ተሳስተን ነበር’ ቢሉስ?”

“ነገ የሚሉትን ነገ እንሰማለን፣ ጋሼ።”

“አንቺ ነርስ ነሽ። እኔ የልጆች አባት ነኝ። ነገ እስኪመጣ ማን ያቆይልኛል?”

ሰው አቶ ክፍሌን ክፉ አድርጎ እንዳይስላቸው እፈልጋለሁ። የእሳቸው ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ከስቶ ሞቷል። አስታምሞ የቀበረው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሸሸ ያውቃሉ። የሚፈሩትን ነገር ስሙን ብቻ ሳይሆን መልኩንም ያውቁት ነበር።

በዚያው ጊዜ ባይሳ መክሳት ጀመረ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፋ። ሳል ያዘው። ምን እንዳለበት እሱ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ የእኛ ሰው ሌላውን ሁሉ እየጠየቀ ያንን አይጠይቅም።

ለፋሲካ በሬው ከታዘዘ በኋላ አቶ ክፍሌ ሁለት ሰዎች አስከትለው ሱቅ መጡ። ዕቃ አላነሡም፤ ቆሙ።

“አቶ መሐሪ፣ ስለ ቆራጩ ነበር።”

“ባይሳ ምን ሆነ?”

“እኛ ምንም አላልንም። ሰው ግን እያወራ ነው። ቢላ ነው፤ እጅ ይቆረጣል፤ ሥጋውን ደግሞ በጥሬው የምንበላ ነን።”

“ሌላ የሚችል አምጡልኝ።”

እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሚችል እንደሌለ ሦስቱም ያውቃሉ። ከሦስቱ አንዱ “ቢያንስ ጓንት ያድርጋ” አለ። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ገዢና ሻጭ መሀል ላይ የሚያገናኝ ዋጋ ሲመጣ አልፈው አላውቅም። ጓንት ይሁን ተባባልን። ባይሳ ቦታው ላይ ይቆያል፣ ሰውም ይረጋጋል፤ ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ያለ ጥሩ ስምምነት አላደረግሁም ብዬ አስቤ ነበር።

በቅርጫው ዕለት ባይሳ ምድር ቤት ወርዶ ቢላውን ሲፈታ ጠረጴዛው ላይ ነጩን የላስቲክ ጓንት አየ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ደንብ ወጥቷል። ኮሙኑ የንጽሕና ቁጥጥር ጀምሯል” አልኩት።

ጓንቱን አንሥቶ ብዙ አየው። “ኮሙኑ የእኔን እጅ በምን አወቀው?” አለና አጠለቀ።

ያን ቀን ሥራው ከበደው። በጓንት ሥጋ አይመዘንም፤ ቅባቱ ያንሸራትታል፣ ጅማቱ አይሰማም። የጨረሰውን መደብ መልሶ ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዱን ቁራጭ ከአንዱ መደብ አንሥቶ ሌላው ላይ አደረገ፣ ቆም አለ፣ መልሶ አነሣው።

ሰዎቹ መውረድ ጀመሩ። ደረጃው ላይ የነበረው ወሬ ምድር ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። የሚያዩት ሥጋውን አልነበረም። እስከዚያ ቀን ግማሹ ጠርጥሮ ግማሹ አልጠረጠረም ነበር፤ ጓንቱ ለሁሉም ነገራቸው። ለምን ጓንት ተደረገ? አንድ ነገር ቢኖር ነዋ። ያመጣሁት መድኃኒት የበሽታውን ስም ባይሳ ግንባር ላይ ጻፈበት።

የጋሽ ደግፌ ዘዴ ትዝ አለኝ። ወደ ባይሳ ሄድኩና ከያዘው ሽንጥ ላይ ራሴ ጎምጄ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በላሁ። አኝኬ ዋጥሁ። አፌን ጠረግሁ። ከኋላ አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ነጋዴ ዕቃው እንዳይቀርበት ምን የማይውጠው አለ?” አለች። እውነቷን ነው። ጋሽ ደግፌ የሚበሉት የሌላ ሰው ቅቤ ነበር። እኔ የበላሁት የራሴን ሸቀጥ ነው። ዘዴውን ስማር ዋናውን ነገር ሳልማር ነው የመጣሁት።

ሳህኑ ዞረ። ቁልፍ ተጣለ፣ አዝራር ተጣለ፣ ቀለበት ተጣለ። ዕጣ የሚጥለው ሰው ሊጠራ ሲል አቶ ክፍሌ ወደ ፊት መጡ። ጎንበስ ብለው ሳህኑ ውስጥ ፈለጉ፤ የቤታቸውን ቁልፍ አወጡ። በኪሳቸው ከተቱት። ባይሳን አላዩም፣ እኔንም አላዩም። ደረጃውን ወጡ።

ከዚያ ሌላ እጅ ወደ ሳህኑ ገባ፣ ከዚያ ሌላ። የተሳደበ የለም፣ የተከራከረ የለም። በዚህ አገር የመጀመሪያ አለቃዬ ስለ ብርቱካኑ የነገረኝ ዝምታ ይኸው የእኛ ሰው ላይ መጣ። እባካችሁ አንዳችሁ ስደቡኝ ብዬ በልቤ ለመንሁ።

እህት ሰናይት ቀለበቷ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ መሀል ላይ ቆመች። “ቀለበቴን ማንም እንዳይነካ!” አለች። “አስታማሚ ሲጠፋ የምትደውሉት ለማን ነው? ለእኔ አይደለም?” ጥቂት ዕቃ ብቻ ቀረ።

ባይሳ መጨረሻውን መደብ እስኪያስተካክል ድረስ ራሱን አላነሣም። ሲጨርስ ጓንቱን አወለቀ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ቢላውን አጥቦ በጨርቁ ጠቀለለ። “መሐሪ፣ ዕጣውን ጣል። የቀሩትን ሰዎች አታቁማቸው” አለኝ። የራሱን ድርሻ ሳይወስድ ወጣ።

የተረፈውን ሥጋ በረዶ ቤት አስገባሁት። “ምን በሬ ነው?” የሚል ገዢ ሲመጣ “የፋሲካው ነው” እላለሁ፤ “እ...” ብሎ ምስር ይገዛል። በመጨረሻ ቆሻሻ መጣያ ገባ። በንግድ ዘመኔ ብዙ ከስሬያለሁ፤ ያንን ያህል ሥጋ በገዛ እጄ ስጥል ግን የከሰርኩት ሥጋ አልመሰለኝም።

አመሩድ ቤቱ ሄጄ ነበር። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተ።

“ድርሻህን አመጣሁልህ።”

“ፍሪጄ ሞልቷል።”

“ባይሳ፣ ጓንቱ...”

“ኮሙኑ ነው አላልክም?” አለና ፈገግ አለ። “በል ደኅና ዋል። ኮሙኑን ሰላም በልልኝ።”

ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን አልተወም። ኋላ ይቀመጣል፤ ግራና ቀኙ ባዶ ነው። መዝሙሩን አብሮ ይዘምራል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሆስፒታል ገባ።

ለገና ሰዎቹ እንደገና ሥጋ ጠየቁኝ። ቆራጭ የለኝም አልኩ። ቄራው ውስጥ ማሽን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ተገኘ። ማሽኑ አጥንቱንም ሥጋውንም እኩል ቆራርጦ፣ መዝኖ፣ በላስቲክ አሽጎ አመጣልን። ሰው ሱቄ በር ላይ ተሰለፈ፤ የታሸገውን ተቀብሎ ወደ ባቡሩ ሄደ። ምድር ቤት የወረደ የለም። ሸሆናው ደረሰብኝ ብሎ ያማረረ የለም። አቶ ክፍሌ ላስቲካቸውን ይዘው “ይኸው፣ ሠለጠንን” አሉኝ። ፊታቸው ላይ ግን ደስታ አላየሁም። ከዚያ በኋላ በእኛ መካከል ቅርጫ ተደርጎ አያውቅም።

ባይሳ የሞተው ከዚያ ገና በኋላ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ቀብሩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ስለ ቀብሩ ይኸው በቂ ነው።

ከመሞቱ በፊት እህት ሰናይት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝና “ጋሼ፣ ጉንፋን ነገር ካለብህ እንዳትገባ” አለችኝ። “እስከ ዛሬ የፈራነው እኛ ነን፤ መፍራት የነበረበት ግን እሱ ነው። የእኛ ትንሽ ሳል እሱን ትጥለዋለች።”

ገባሁ። ትራሱ ላይ የቀረው ዓይን ብቻ ነበር። እጄን ዘረጋሁለት፤ ያዘው፤ አለቀቀውም።

“ለገና ማን ቆረጠ?” አለኝ።

ዕድሜ ልኬን የሸጥኩበት አፍ እዚያ ላይ አልከዳኝም። “ተወኝ እባክህ። አንዱ ሞከረ፤ ቄራ ሆነ እንጂ ቅርጫ አልሆነም። አንዱ መደብ ተራራ፣ አንዱ መደብ ጉድጓድ። ሰዉ ተጯጯኸ፤ ከላይ ያሉት ሰዎች ወለሉን ደበደቡ።”

“ጉበቱስ?”

“ጉበቱን ረስቶት ነበር! ሁሉም ሲያልቅ ከባልዲ ውስጥ ተገኘ። ‘ባይሳ ቢኖር’ ያላለ ሰው የለም።”

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሰናይት ቀና አድርጋ ያዘችው። ሲረጋጋ አየኝ።

“አቶ ክፍሌ ትናንት መጥተው ነበር።”

ወደ ሰናይት ዞሬ አየሁ።

“እዚያ በር ላይ ቆሙ። መግባት አልቻሉም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። ስለ ወንድማቸው አወሩኝ፤ ስለ ማሽኑም፣ ስለ ላስቲኩም ነገሩኝ።” ትንፋሽ ወሰደ። “ነገም እመጣለሁ ብለዋል።”

ባይሳ ዓይኑን ጨፈነ፤ እጄን ግን አልለቀቀም።

“አንተ ቀጥል” አለኝ። “ሻኛው ለማን ደረሰ?”

“ለአቶ ክፍሌ።”

“እንዴት ተቀበሉት?”

“በሁለት እጃቸው” አልኩት።